እርጅና በሩብ ጋሎን

አርባ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ዕድሜ መደበቅ ነበር፤
ስንጥቁን በስቱኮ ስደፍን፣ ዝገቱን በአንቲረስት ስቀብር።
ሙሽራ ሊገባ ሲል ይጠሩኛል፣
ተዝካር ሲደርስ ይጠሩኛል፣
"ማንያዘዋል፣ ግድግዳውን ልጅ አድርገው" ይሉኛል።

ዘንድሮ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛው ፎቅ ላይ
(ሦስት ጊዜ አርፌ ነው የደረስኩ፤ ከሰማይ በታች፣ ከሰው በላይ)
የትምወርቅ የምትባል ልጅ የወጥ ቤቷን ቁምሳጥን አሳየችኝ፤
ነጭ ነው፣ ኤምዲኤፍ፣ የፋብሪካው ላስቲክ ከጠርዙ ገና አልተላጠም።
"ይሄን አስረጅልኝ" አለችኝ፣
"ሰው የኖረበት ይምሰል። ያለኝ ሦስት ሺህ ብር ነው፤
የቀለሙም ከዚያው ላይ ይወጣል።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ አልኩ በሆዴ። አፌ ግን፣
"ልጄ፣ እርጅና በነጻ ነው፤ ዝም ብለው ቢጠብቁት ይመጣል።"
"እሱማ ጊዜ ለተሰጠው ነው" አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

ወረድኩ ምናለሽ ተራ።
ከሰው ቤት የተረፈ ቡኒ፣ ሩብ ጋሎን፣ ክዳኑ የዛገ፣
ግማሽ ጣሳ ውሃ ሰማያዊ፣ ላዩን እንደ ወተት ቆዳ ያደረገ፣
ብርጭቆ ወረቀት ሁለት፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ለስላሳ።
ጧፍ ደግሞ ከልደታ ደጅ። ሻጯ "ለምን ስለት ነው አባቴ?" ብላ ወሬ ስታነሣ፣
"ለቁምሳጥን" ማለት አፍሬ መልሴን ተቀብዬ ሄድኩ።

ቡኒውን ቀባሁ። አደረ።
መላጥ ያለበትን ጠርዝ በጧፍ አሸሁት፣
በላዩ ሰማያዊውን ደረብኩ። ይህም አደረ።
ቀለም ሰም ላይ ሥር አይሰድም፤ ስፍቀው ተነሣ እንደ ቅርፊት፤
ከሥሩ የወጣው ግን ወርቅ አይደለም፣ ቡኒ ነው፤
እንዲህ ያለ ቅኔ አልገጠመኝም በፊት።

ግን አላማረኝም።
ዳር ዳሩን እኩል ፍቄው ነበር። እኩል ያረጀ ነገር ውሸት ነው።
ጊዜ እንደ ዝናብ በሁሉ ላይ አይወርድም፤ በሰው እጅ ነው የሚያልፈው።
"ማን ይክፈተው?" አልኳት። "ስንት ናችሁ? ግራኝ አለ ከናንተ ውስጥ?
ስኳር የሚሰርቅ ልጅስ?"

ዝም አለች። ቆይታ ሻካራውን ወረቀት ከእጄ ወሰደች፣
ከግራው በር ፊት ቁጢጥ አለች።
"እዚህ ጋ ነው" አለችኝ፤ ከታች፣ እጅ በማይደርስበት፣
"እማዬ ሁለት እጇ ሳህን ይዞ፣ በጉልበቷ የምትዘጋበት።
ክረምት እንጨቱ አብጦ እምቢ ሲላት፣ ሁለቴ ትገፋው ነበር።"
"የት ሰፈር?"
"ዶሮ ማነቂያ። ቡፌው ከግቢ ሲወጣ ለሁለት ተከፈለ፤
አይሱዙው ይቸኩል ነበር።"

ፍቅ። ፍቅ። ፍቅ።
እኔ ቆሜ ዶሮ ማነቂያን አሰብኩ፤ ስንቱን ወጥ ቤት ቀብቼዋለሁ፣
በስንት ፋሲካ ዋዜማ፣ ስንት ጉልበት፣
ስንት የሕፃን መዳፍ፣ ቆሻሻ ነው ብዬ ሸፍኜዋለሁ፤
"እጅህ ይባረክ" እየተባልኩ።

ስትጨርስ፣ እንቁላል የሚያህል ቡኒ ጠባሳ ነበር የወጣው።
ሁለት ሳህን አነሣች፤ በሩን በጉልበቷ ገፋችው፤
ማጠፊያው አዲስ ነው፣ ወዲያው ገጠመ።
ደግማ ገፋችው።

ስወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኃይለልዑል ያዘኝ፤
በደረጃው ግድግዳ፣ ሰው ተደግፎ ሲወጣ ያጠቆረውን መስመር አሳየኝ፤
"ይሄን መቼ ነው የምታጠፋልን?"
ሳላስበው መዳፌን አሳረፍኩበት። ለስልሷል። የሞቀ መሰለኝ።
"ቀለም ጠፍቷል ዘንድሮ" አልኩት፣
"ትንሽ ይቆይ።"